ያ የሚያበራው ነገር ምንድነው?

እንደምን አመሻችሁ። በአንድ የስልክ ጥሪ ልጀምር።

አንድ ጓደኛዬ አመሻሽ ላይ ደወለና ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ «ቶሎ ውጣና ሰማይ እይ፣ አንድ ነገር ቆሟል!» አለኝ። ቤት ነበርኩ፤ ለመውጣትም አልተመቸኝም። ስለዚህ ጠየቅሁት።

«ፊትህን ወዴት አዙረህ ነው ያለኸው?»

«ፀሐይ ወደ ጠለቀችበት።»

«ከጠለቀች ምን ያህል ሆናት?»

«ግማሽ ሰዓትም አልሞላት። ሰማዩ ገና አልጨለመም እኮ።»

«ብልጭ ድርግም ይላል?»

«አይልም። ቀጥ ብሎ ነው የሚያበራው። ድሮን ይሆን እንዴ?»

«ሌላ ኮከብ ይታይሃል?»

«አንድም የለም።»

«ቬነስ ናት» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ሳታያት?» አለኝ።

አዎ፣ ሳላያት። ዛሬ የማወራላችሁ ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው የሰማይን ነገር ለመማር ሲነሳ ከስም ይጀምራል፤ የመቶ ኮከብ ስም ይሸመድድና ውጭ ሲወጣ አንዱንም አያገኘውም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ጠባዩን እዩ። የት ቆሟል? መቼ ታየ? ይርገበገባል ወይስ ረግቶ ያበራል? ቀለሙስ? ስሙ በመጨረሻ ራሱ ይመጣል።

በቬነስ እንጀምር፤ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ እሷ ናት። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በሰማይ ላይ ሁሌም ጎልታ የምትታየው እሷ ነች። ቦታዋን ካወቃችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅም ልታዩዋት ትችላላችሁ። ምሽት ላይ ሲያዩዋት «የምሽት ኮከብ» ይሏታል፣ ሊነጋጋ ሲል ስትወጣ ደግሞ «አጥቢያ ኮከብ»። ሁለት ስም፣ አንዲት ፕላኔት።

ከሌሎቹ የሚለያት ነገር ከፀሐይ ርቃ አለመሄዷ ነው። ምህዋሯ ከእኛ ምህዋር ወደ ውስጥ፣ ለፀሐይ ቀረብ ብሎ ስለሚገኝ፣ ከምድር ስናያት ከፀሐይ ቢበዛ 47 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ዲግሪ በምን ይለካል ካላችሁ፣ መለኪያው እጃችሁ ላይ አለ። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉና እጃችሁን ጨብጡ፤ የቡጢያችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሿ ጣት ብቻዋን 1 ዲግሪ ትሸፍናለች። የሚገርመው ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት፤ ያቺ ትልቅ የምትመስል ጨረቃ ከትንሿ ጣታችሁ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ትደበቃለች። ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ አያምነኝም።

እና ቬነስ ከፀሐይ አምስት ቡጢ አትርቅም ማለት ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ በምዕራብ በኩል ትታይና ፀሐይን ተከትላ ትጠልቃለች፤ ወይም ጠዋት በምሥራቅ በኩል ትቀድማታለች። በእኩለ ሌሊት ራሳችሁ በላይ ቆሞ የሚያበራ ነገር ካያችሁ፣ የፈለገ ቢያምር ቬነስ አይደለም። ለጓደኛዬ ቬነስን ሳላያት የመለስኩለት በዚህ ነው። በምዕራብ፣ ገና ሳይጨልም፣ አንድም ኮከብ ሳይወጣ ረግቶ የሚያበራ ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ አውሮፕላን ፊት ለፊት ወደ እናንተ እየመጣ የማረፊያ መብራቱን ካበራ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ የሚያበራ ሊመስል ይችላል፤ ግን ትንሽ ከታገሣችሁ ክንፉ ላይ ያሉት ቀይና አረንጓዴ መብራቶች ይታያሉ። እኔ ራሴ በልጅነቴ ቬነስን አውሮፕላን መስላኝ እስክታርፍ ድረስ ቆሜ ጠብቄአታለሁ። አረፈችም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከአድማስ በታች።

ባይኖኩላር ካላችሁ ቬነስ ሌላም ነገር ታሳያችኋለች። ለምድር በቀረበችባቸው ሳምንታት እንደ ቀጭን ጨረቃ ማጭድ መስላ ትታያለች። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ይህን የቅርጽ ለውጥ በቴሌስኮፑ አይቶ፣ ቬነስ የምትዞረው ምድርን ሳይሆን ፀሐይን እንደሆነ የተረዳው እንዲህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከመጥለቋ በፊት ባይኖኩላር ወደዚያ አቅጣጫ እንዳታነሱ። በስህተት ፀሐይ ላይ ካረፈ ዓይን ያጠፋል። በዚህ አልቀልድም።

አሁን ወደ መርገብገቡ። «ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት አይርገበገብም» የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እውነት ነው፣ ግን ለምን? ከዋክብት እጅግ ሩቅ ስለሆኑ ለዓይናችን አንዲት ነጥብ ናቸው። የዚያች ነጥብ ብርሃን በከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ፣ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር እየተቀላቀለ ወዲያና ወዲህ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይደበዝዛል። ፕላኔት ግን በዓይን ነጥብ ቢመስልም ትንሽ ስፋት አለው። ጁፒተር ለምሳሌ ለእኛ ሲቀርብ ከጨረቃ ስፋት አንድ አርባኛ ያህል ይሆናል። የብዙ ነጥቦች ስብስብ ነው በሉት። አንዷ ነጥብ ስትደበዝዝ ሌላዋ ትደምቃለች፣ ድምሩ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ይረጋል።

ግን ይህን ብቻ የያዘ ሰው ይሳሳታል። አድማስ አካባቢ አየሩ ወፍራም ስለሆነ እዚያ ዝቅ ያለ ፕላኔትም ይርገበገባል፤ አናት ላይ የወጣ ኮከብ ደግሞ አየሩ በረጋበት ምሽት እንደ ፕላኔት ቀጥ ሊል ይችላል። ሲሪየስ የምትባለው ደማቅ ኮከብ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ስትል ደሞ ጉድ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለች ትበራለች። «መብራቷን እየቀያየረች የምታንዣብብ ነገር አየሁ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲሪየስን ነው።

አንድ ቀን እኔም ጉድ ሆኛለሁ። ሰዎች ሰብስቤ ሰማይ እያሳየሁ፣ ወደ ደቡብ ያለ አንድ ቀላ ያለ ብርሃን በጣቴ ጠቁሜ «ይኸውላችሁ ማርስ!» አልኩ በሙሉ ልብ። ስለ ማርስም አሥር ደቂቃ አወራሁ። አንዲት ልጅ «ግን እኮ ይንቀጠቀጣል፣ ፕላኔት አይንቀጠቀጥም አላልክም?» አለችኝ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ያሳየኋቸው አንታሬስ የሚባለውን ኮከብ ነበር። የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር፣ ስሙ ራሱ በግሪክኛ «የማርስ ተፎካካሪ» እንደማለት መሆኑ ነው። ሰው በዚህ ሲሳሳት የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው ማለት ነው።

ያን ምሽት ያላደረግሁት አንድ ነገር የዛሬው ንግግር ዋና ጉዳይ ነው። መንገዱን አላየሁም።

የምን መንገድ? የፀሐይ መንገድ። ፕላኔቶች ሁሉ፣ ምድርንም ጨምሮ፣ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩት እንደ ሰሐን በተዘረጋ አንድ ሜዳ ላይ ነው። እኛም ያለነው እዚያው ሰሐን ውስጥ ስለሆነ፣ ከውስጥ ሆነን ስናየው ሰማይ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በዚህ መስመር ትሄዳለች፤ ጨረቃና ፕላኔቶች ደግሞ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ እያሉ እዚያው ናቸው። ምሽት ላይ መስመሩን መሳል ከፈለጋችሁ ፀሐይ ከጠለቀችበት ቦታ ተነሱና በጨረቃ በኩል እያሳለፋችሁ ወደ ምሥራቅ ጎትቱት። በቃ። የምታዩት ብርሃን ከዚህ መስመር ሦስትና አራት ቡጢ ርቆ ከተገኘ ፕላኔት አይደለም። የፈለገ ደምቆ ይብራ። ሰሜን ኮከብ አጠገብ ፕላኔት ያየ ሰው የለም፣ ሊያይም አይችልም።

በዚህ መንገድ ዳር የተሰለፉ አራት ደማቅ ከዋክብት አሉ፤ ሰውን የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው። አልዴባራን፣ ሬጉለስ፣ ስፓይካ እና ያ ያዋረደኝ አንታሬስ። አልዴባራንና አንታሬስ ቀላ ያሉ ናቸው፣ ሬጉለስና ስፓይካ ነጣ ብለው ወደ ሰማያዊ ይጠጋሉ። ከስም ሁሉ እነዚህን አራቱን ብቻ ሸምድዱ ብዬ እለምናችኋለሁ። ለምን መሰላችሁ? እነሱን ካወቃችሁ፣ በመንገዱ ላይ የምታዩት ሌላ ማንኛውም ደማቅ ብርሃን ትርፍ ነው። እዚያ ቦታ የማይገባው እንግዳ ነው። እንግዳው ደግሞ ፕላኔት ነው። የጥንቶቹም ያወቋቸው በዚህ ነው፤ ከዋክብቱ ከዓመት ዓመት ቦታቸውን ሳይለቁ እነዚህ ግን በመካከላቸው ሲዞሩ አዩና ግሪኮቹ «ተንከራታች» አሏቸው። ፕላኔት የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው።

እንግዳው መሆኑን ካወቅን በኋላ የትኛው ነው የሚለው ቀላል ነው። ደማቁን፣ ነጣ ወይም ትንሽ ክሬም መሰሉን፣ እኩለ ሌሊት ላይም አናት ላይ ሊቆም የሚችለውን ጁፒተር በሉት። አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ፤ ጁፒተር በጣም በደበዘዘበት ጊዜ እንኳ ከማንኛውም የሌሊት ኮከብ ይበልጣል። ከከዋክብት ሁሉ የምትደምቀው ሲሪየስ ናት፣ እሷንም ይበልጣታል። ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዘንድሮ ባያችሁት የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ከነበረ በዓመቱ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ የምወደው ነገር ነው። ተራ ባይኖኩላር፣ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሚባለውን ውሰዱ። ክርናችሁን ግድግዳ ወይም የመኪና ጣሪያ ላይ አስደግፉ፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይታይም። ጁፒተርን መሐል ላይ አምጡት። መጀመሪያ ደማቅ ክብ ነገር ብቻ ነው። ትንሽ ጠብቁ። ዓይን ሲለምድ ከጎኑ አንዲት ደቃቅ ነጥብ ብቅ ትላለች፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ሁሉም በአንድ ቀጭን መስመር ላይ፣ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ። እነዚህ ጨረቃዎቹ ናቸው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ሦስቱን አየ፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዷ በምዕራብ። ተራ ከዋክብት መሰሉት። በማግስቱ ሲያይ ሦስቱም ወደ ምዕራብ ዞረዋል። በሳምንቱ አራተኛዋ ተጨመረች። እናንተም ወረቀት ላይ አንድ ክብና አራት ነጥብ ሥሉ፣ በማግስቱ ድጋሚ ሥሉ። አዮ የምትባለው ዙሪያዋን ለመጨረስ ሁለት ቀን እንኳን አይሞላትም፣ ስለዚህ ሥዕሎቻችሁ በፍጹም አይመሳሰሉም። አንዳንድ ምሽት ሦስት ብቻ ታያላችሁ፤ አንዷ ከፊቱ ወይም ከጀርባው ሆና ነው፣ የናንተ ጥፋት አይደለም።

ማርስ ቀለሙ ይመሰክርበታል፤ እንደ ፍም ነው። ችግሩ ጠባዩ ተለዋዋጭ መሆኑ ነው። በ26 ወር ገደማ አንዴ ለእኛ ሲቀርብ ይደምቃል፣ በተለይ ጥሩ በሆነ ዙር ጁፒተርንም ሊበልጥ ይችላል፤ ከዚያ እየራቀ ይሄድና ማንም የማያስተውለው ተራ ቀይ ነጥብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 ወደ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ «ማርስ ጨረቃን አክሎ ይታያል» የሚል መልእክት ስልክ ለስልክ ይዞራል። ውሸት ነው። በዚያ በቀረበበት ጊዜ እንኳ ስፋቱ ከጨረቃ ከ70 ጊዜ በላይ ያንስ ነበር። ሲደርሳችሁ አታስተላልፉ።

ሳተርን ዝምተኛው ነው። ደብዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከደማቅ ከዋክብት ጋር የሚመጣጠን፣ ለማንም የማይጮህ። ረግቶ ማብራቱና መንገዱ ላይ መሆኑ ናቸው የሚያሳብቁበት። ቀለበቱ በዓይንም በተራ ባይኖኩላርም አይለይም፤ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ቴሌስኮፕ ኖሯችሁም ቀለበቱን ያጣችሁት ካለ አትደንግጡ፤ በየ15 ዓመቱ ገደማ ጠርዙን ወደ እኛ ያዞርና እንደ ምላጭ ስለት ይጠፋል፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025ም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሜርኩሪን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ ስለማይርቅ ሁልጊዜ አድማስ ላይ ነው፣ ወይ ገና ብርሃን ሳለ ወይ ሊጠልቅ ሲል። አንዴ ያየው ሰው ሁለት ሳምንት ያወራለታል።

ወደ ከዋክብቱ እንሂድ። እዚህም ሁሉን ለማወቅ አትሞክሩ። አንድ ቁልፍ ያዙ፣ እሱ ሌላውን ይከፍትላችኋል። የእኔ ቁልፍ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ምሽት ላይ ወጥታችሁ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት እኩል ከዋክብት ፈልጉ። የኦሪዮን ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ የሰማይን ወገብ ተጠግቶ ስለሚገኝ ከሰሜንም ከደቡብም የምድር ክፍል ይታያል። ከቀበቶው በአንዱ በኩል ቤቴልጁዝ አለች፣ ቀላ ያለች፤ በተቃራኒው በኩል ሪጀል፣ ሰማያዊ ነጭ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እዩ። «ኮከብ ሁሉ ነጭ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እነዚህን አሳዩት። ልዩነቱ ሙቀት ነው፤ የቤቴልጁዝ ገጽ 3,500 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የሪጀል 12,000 አካባቢ ነው። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ በጣም ሲግል ይነጣል፤ ነገሩ እንደዚያው ነው። ቧንቧ ላይ ቀይ ሙቅ፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ ሲባል የለመድነው ሰማይ ላይ ይገለበጣል።

ቀበቶውን እንደ ቀስት ተጠቀሙበት። በአንዱ አቅጣጫ ሁለት ቡጢ ያህል ስትቀጥሉት ሲሪየስ ላይ ይጥላችኋል፣ የሌሊቱ ሰማይ ደማቅ ኮከብ። በሌላው አቅጣጫ ተመሳሳይ ርቀት ስትሄዱ ቀላው አልዴባራን ጋ ትደርሳላችሁ፣ ትንሽ አለፍ ስትሉ ደግሞ እንደ ተነፈሰ ጭስ የምትታይ ትንሽ እጅብ፣ ሰባቱ ከዋክብት። ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ነው የምትርቀው፤ ዛሬ ማታ ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን ከእሷ የተነሳው ከስምንት ዓመት ተኩል በፊት ነው። ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?

ከሚያዝያ ወዲያ ኦሪዮን ከምሽቱ ሰማይ ይሰናበታል። ከዋክብት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደሙ ነው የሚወጡት፤ በወር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ሰማዩ በወሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ወደ ሰሜን የጭልፋ ቅርጽ ያላቸውን ሰባት ከዋክብት ፈልጉ፤ የእጀታውን ጉብጠት ተከትላችሁ ወደፊት ስትቀጥሉ ብርቱካናማው አርክቱረስ ይመጣል፣ ጉብጠቱን ሳትለቁ ስትቀጥሉ ያ የመንገዱ ዳር ስፓይካ። ወደ ደቡብ ሰፋ ያለ ሰማይ የሚታያችሁ ደግሞ አልፋ ሴንታውሪንና ጎረቤቱን ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የደቡብ መስቀልን ይጠቁማሉ። አልፋ ሴንታውሪ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ያለው የከዋክብት ቤተሰብ ነው፣ ከ4 የብርሃን ዓመት ትንሽ በለጥ ይላል።

ባለፈው አንድ ሰው «ደማቁ ሁሉ ሰሜን ኮከብ አይደል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይደለም። ሰሜን ኮከብ በድምቀት ወደ ሃምሳኛ ተራ አካባቢ የሚገኝ ልከኛ ኮከብ ነው። የታወቀው በቦታው ነው፣ ከሰማይ ዋልታ አጠገብ ስለቆመ ሌላው ሁሉ ሲዞር እሱ የማይንቀሳቀስ ይመስላል።

መጽሐፍ ወይም አፕ ስትከፍቱ የምታገኙት የድምቀት ቁጥር ደግሞ ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። ነገሩ የክፍል ደረጃ ነው፣ አንደኛ የወጣው ከስድስተኛው ይበልጣል። የጥንቱ ግሪካዊ የሰማይ ተመራማሪ ሂፓርከስ ነው ይህን ልማድ ያስጀመረው ይባላል፤ በኋላ ሰዎች በትክክል ሲለኩት ከአንደኛም የሚበልጥ ስለተገኘ ወደ ዜሮ፣ ከዚያም ወደ ኔጌቲቭ ወረዱ። ሲሪየስ −1.5፣ ቬነስ −4 ገደማ። በአምስት ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ነው።

«ታዲያ አፑ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ጥያቄ ከኋላ ወንበር ሰምቻለሁ። ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ አፕ እኔም ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን እንደ ሒሳብ መጽሐፍ መልስ ገጽ ተጠቀሙበት፤ መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ ገልጣችሁ እዩ። ደሞ የስልክ ኮምፓስ ማግኔት ያለው ሽፋን ወይም ብረት አጠገብ ሲሆን ይዋሻል፤ ስፓይካን አቅፎ «ሳተርን» ሲለኝ አይቻለሁ። የስልኩ ብርሃንም ዓይናችሁን ያሳውረዋል፤ ዓይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዴ ስክሪን ካያችሁ እንደገና ከዜሮ ነው።

ቀስ ብሎ ሰማዩን የሚያቋርጥ፣ የማይርገበገብ፣ ድምፅ የሌለው ብርሃን ካያችሁ ሳተላይት ነው። በጣም ደማቅ ከሆነና በአምስትና ስድስት ደቂቃ ውስጥ ካለፈ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚበረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሊሆን ይችላል። መሐል ላይ ድንገት ከጠፋባችሁ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው።

«ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ መብራቱ አያሳየንም» የምትሉም አላችሁ። ለጭጋጋማ ነገሮች እውነት ነው። ለጀማሪ ግን ከተማ ይሻላል ባይ ነኝ። የገጠር ሰማይ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብት አሉ፣ ሰው ይጠፋበታል። ከተማ ላይ የሚተርፉት ደማቆቹ ብቻ ናቸው፣ ዛሬ የተናገርኩላችሁ እነዚያው።

ያ ጓደኛዬ? ቬነስን ወራት ሙሉ ተከታተላት። ማታ ማታ ይደውልልኛል፤ «ዛሬ ዝቅ ብላለች»፣ «ዛሬ ከጨረቃ ጎን ናት» እያለ። አንድ ቀን ተጨንቆ ደወለ።

«ጠፋች። ሦስት ቀን ፈለግኋት፣ የለችም።»

«በእኛና በፀሐይ መካከል እያለፈች ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቅና በምሥራቅ በኩል ፈልጋት። አጥቢያ ኮከብ ሆና ትመጣለች።»

«በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ብትነሳ ታገኛታለህ።»

ዝም አለ። ከዚያ «ማታ የምትመለሰው መቼ ነው?» አለኝ።